«ቀንስ!» ሲባል የኖረው ጊታረኛ

ካዛንቺስ የቆርቆሮ አጥሮቿ ገና ሳይነቀሉ፣ ካሴት በእስክሪብቶ እየተጠነጠነ በሚሰማበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ኢያቄም ገብረሕይወት የሚባል ጊታር ተጫዋች ነበር። የሰፈሩ የመጀመሪያው ፓንክ፣ ማለትም የዚያ የፈረንጆች የቁጣ ሙዚቃ ተከታይ፣ እሱ ነው፤ እስከሚታወቀው ድረስም የመጨረሻው።

ፓንክነትን ያገኘው ከአሮጌ ዕቃ መሐል ነው። ፈረንጅ ባልና ሚስት ጎረቤቶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቤት ዕቃቸውን ለሽያጭ አወጡ። የሰፈሩ ሰው ፍሪጅና ፍራሽ ሲሻማ፣ ኢያቄም አንድ ካርቶን ካሴትና የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሣጥን ታቅፎ ወጣ። ካሴቶቹን ሰማ። ሦስት ኮርድ፣ ሁለት ደቂቃ፣ የቀረው ቁጣ። «ለካ እንዲህም ይቻላል!» አለ። በማግስቱ ጸጉሩን ግራና ቀኙን ተላጭቶ መሐሉን እንደ ዶሮ ኩክኒ አቆመው።

«ውይ፣ ኢያቄምዬ!» አሉት ጎረቤቱ እትዬ ወርቅዬ፣ ከልባቸው አዝነው። «ጸጉር አስተካካዩ መብራት ሄዶበት ነው ያቋረጠህ? አይዞህ፣ ሲመጣ ይጨርስልሃል።»

ኢያቄም እንጀራው ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ ክለብ ከዘፋኞች ኋላ ቆሞ መጫወት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ሳይሆን ጀርባቸውን ሲያይ ኖሯል። ትንሽ ሞቅ ብሎት ጊታሩን ከፍ ካደረገ፣ ዘፋኙ ዘወር እንኳ ሳይል መዳፉን ወደ መሬት ይዘረጋል። ቀንስ ማለቱ ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ አባቱ አሉ። አቶ ገብረሕይወት ከመዝገብ ቤት ኃላፊነት ጡረታ የወጡ፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታው ያዩ እንደሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ጊታር የተነካ እንደሆነ ግድግዳውን በጫማቸው ይደበድባሉ።

«ኢያቄም! ቀንስ!»

እንግዲህ የዚህ ሰው የዕድሜ ልክ ምኞት ይኸው ነበር፤ ማንም ቀንስ የማይለው አንድ ካሴት ማውጣት። የራሱ ስም፣ የራሱ ፎቶ፣ የራሱ ጊታር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ሁለት ዓመት ለፍቶ ቀዳና ሜክሲኮ አጠገብ ሙዚቃ ቤት ላላት ለረውዳ ወሰደላት። ረውዳ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና አዳመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄዳ ውጭውን ቃኘች።

«ምን ፈለግሽ?» አላት።

«ይሄን የሚጮኸውን ረዳት ነዋ! ታክሲው አልሞላለትም መሰለኝ።»

«ረዳት አይደለም። እኔ ነኝ። ዘፈኑ ነው።»

ረውዳ ተመልሳ ተቀመጠች። «ስለ ምንድን ነው የምትዘፍነው?»

«ስለ ቁጣ።»

«ማን ላይ?»

ኢያቄም አሰበ። «ባጠቃላይ» አለ።

«የእናት ዘፈን አለው?»

«የለውም።»

«የሠርግስ? እሺ የዘመን መለወጫ?»

«ኧረ ረውዳ፣ በናትሽ!»

«በቃ ስማኝ ወንድሜ። ጩኸቱን አውጣውና ክላሲካል ብለን እንልቀቀው።»

በአገራችን ቃል የሌለው ሙዚቃ ሁሉ፣ በምንም ተመታ በምን፣ ክላሲካል ነው። የክላሲካል ሥራውም ይታወቃል፤ ሰው ሲናገር ከሥር መተኛት። ኢያቄም ይህን አያጣውም። ግን ምኞቱ ከልኩ አልፎ ነበርና «ብቻ ይውጣ» አለ። ፎቶ ቤቱ ያለ ከረባት አላነሳም ስላለው በሰው ሙሉ ልብስ፣ ጸጉሩን በቫዝሊን አስተኝቶ፣ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆሞ ተነሣ። ሽፋኑ ላይ «ለስላሳ ክላሲካል፣ ቁጥር 1» ተብሎ ተጻፈ።

ካሴቱም ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ በወሩ አለቀ። ረውዳ ስልክ ደውላ «ድገሚ እየተባልኩ ነው!» ስትለው፣ «ወጣቶች ናቸው አይደል?» አላት በጉጉት።

«ኧረ ሠርግ የሚቀርጹ ቪዲዮ ቤቶች ናቸው። አንድ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ሰውዬ ደግሞ አምስት ወሰደ።»

የነገሩ ትርጉም የገባው ግን ለገሃር ታክሲ ሲጠብቅ ነው። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ የተጫነባት መኪና ስትመጣ የመጀመሪያው ሙዚቃው አደባባዩን አናወጠው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሥር ሰከንድ ያህል። ከዚያ ጊታሩ ጉድጓድ እንደገባ ሁሉ ሰመጠና «ውድ እናቶች! ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻችሁን ለፖሊዮ ክትባት…» የሚል ድምፅ ተከተለ። ኢያቄም ሮጦ የሾፌሩን መስኮት ያዘ።

«ሙዚቃውን ለምን ቀነስከው?»

«ካልቀነስኩት ክትባቱን ማን ይሰማል?»

«የኔ ሥራ ነው እኮ!»

ሾፌሩ የካሴቱን ሽፋን አየ፤ ቀና ብሎ ጸጉሩን አየ። «አንተ ነህ እንዴ? ማለቴ፣ ጸጉርህ ምን ሆነ? ብቻ በርታ፣ አሪፍ ነው። ንግግር አይረብሽም።»

ይቺው መኪና ካዛንቺስም ዞራ ኖሮ፣ ማታ አባቱ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁት።

«መንግሥት የሚገለገልበት መሆኑን ስለ ምን አልነገርከኝም?» አሉት፣ በኩራትና በቅሬታ መሐል። «የዕድራችንን ዓመታዊ ሪፖርት እንደ ራዲዮ ከሥሩ ሙዚቃ አድርጌ ላነበው ነው። አንተ ማጉያው ዘንድ ትቀመጣለህ። እኔ ስጀምር ትቀንሳለህ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። አባትዬው ያነባሉ፣ ጊታሩ ከሥር እንደ ትንኝ ይጮሃል። «…ስምንት ብረት ድስት፣ ከነዚህም ሁለቱ ክዳን የጎደላቸው፤ አንድ መቶ አርባ ብርጭቆ፣ ከነዚህም…» ሲሉ ገጹ አለቀ። ሁለተኛው ገጽ የለም። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አኑረው የኮት ኪሳቸውን ይበረብሩ ጀመር።

ኢያቄም ግራና ቀኝ አየ። የሚናገር ሰው አልነበረም። እጁ የማጉያው ቁልፍ ላይ ነው። ቀጣዩ ሙዚቃ ሲጀምር እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው።

የዕድሩ አንጋፋ አቶ ሃድጉ ንባቡ ሲቆም፣ ወረቀቱ ሲወርድ፣ ሙዚቃው ሲነሣ አዩና በዓመቱ ውስጥ ላረፉት አባላት የሕሊና ጸሎት ነው ብለው ደመደሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተነሣ። ነጠላ ተስተካከለ፣ አንገት ተደፋ። ጊታሩ ድንኳኑን ያርገበግባል፣ ያ የእግር ሣጥን ያሽካካል፣ ከመቶ የማያንሱ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ትንፍሽ ሳይሉ ቆመው ይሰማሉ። እትዬ ወርቅዬ እንባቸውን ጠረጉ።

አቶ ገብረሕይወት ሁለተኛውን ገጽ ከደረት ኪሳቸው አገኙት። ቀና ብለው የቆመውን ሕዝብ አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ወረቀቱን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መልሰው እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ።

ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ሙሉው።

ጸጥ ሲል አቶ ሃድጉ መጥተው የኢያቄምን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።»

«አሜን፣ አባባ» አለ ኢያቄም። «አመሰግናለሁ።»

አባቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደ ብርጭቆዎቹ እንመለስ» አሉና ሌላ ሙዚቃ ሲጀምር፣ ዘወር ሳይሉ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዘረጉ።

ኢያቄምም በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያኮርፍ ቀነሰ።