ከፎቶው በኋላ የመጣው መርዶ

ልጅ እያለሁ፣ በስደት አገር ሲልቨር ስፕሪንግ ስንኖር፣ ከአባቴ ቀጥሎ የምወደው ሰው ጋሽ ብሩክ ነበር። በካውንቲው፣ በወረዳው እንበል፣ አማተር ሊግ የሚጫወተው የሀበሾች ቡድን አምበል ነው፤ አባዬ ደግሞ በረኛው። እሁድ እሁድ ሜዳው የታጨደ ሣርና የጉልበት ቅባት ይሸታል። እኛ ልጆቹ ብርቱካን እየላጥን እረፍት እስኪወጡ እንጠብቃቸዋለን። ጋሽ ብሩክ ሲያልፍ ሹሩባዬን ጎተት ያደርግልኝ ነበር።

ኋላ ለካውንቲው ምክር ቤት እወዳደራለሁ አለ። ሰዉ ደስታውን አልቻለውም፤ ከእኛ መሃል አንድ ሰው ሊገባ ነዋ! ምርጫው ሲቃረብ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ላይ ጨዋታ ነበር፤ ለቅስቀሳው ፎቶ አንሺ ተጠርቷል። አባዬ ያን እሁድ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ጋሽ ብሩክ ሮጦ አቀፈው፤ አባዬ ጥርሱ በሙሉ እስኪታይ ሲስቅ ፎቶ ተነሳ። እስከ ቤት ድረስ እየዘፈነ ነዳ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ብሩክና የቡድኑ ሰዎች ናቸው፤ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሀበሻ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር። ደሴ ያሉት አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ አርፈዋል። አባዬ ምንጣፉ ላይ ተዘረረ።

«መቼ ነው ያረፉት?» አለች እማዬ።

«ሐሙስ» አለ ጋሽ ብሩክ። ከአገር ቤት የደወሉት ለእሱ ነበር።

«ሐሙስ? ታዲያ ትናንት ስታስቀው ዋልክ?»

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ፎቶውን ካንስል ማድረግ አልተቻለም። ደግሞስ ያለ እሱ ምን በረኛ አለን?»

መርዶ ማቆየት ወጋችን ነው። ሰው ሥራ ቦታ እንዳይሰማ፣ ብቻውን እንዳይደነግጥ፣ ለሐዘንተኛው ሲባል ይቆያል። እሱ ግን ለራሱ አቆየው! ያ ፎቶ ታትሞ በየበሩ ተበተነ። እናቱ ሞታ የሚስቅ አባቴን እያሳየ ተመረጠ። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አሁን መርዶ በፌስቡክ ነው፤ ከሟቹ ልጅ በፊት አገር ምድሩ ያነበዋል። የእኩዮቼ የድሮው ወግ ናፍቆት ይገባኛል፤ እኔም ይናፍቀኛል። ግን ወጉን ያረከሰብኝን ሰው አልረሳም። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ለዘንድሮው ምርጫ ድምፅ ሊጠይቅ ቤታችን መጣ። አባዬ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት። እኔ ለሰላምታ እጄን አልዘረጋሁለትም።

«ተይው ልጄ» አለኝ አባዬ፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ። «አልፏል እኮ።»

ለአባዬ አልፎ ይሆናል። እኔ ግን አልተውኩትም፤ እሱ አባቴ እናቱን ሊያለቅስበት የሚገባውን ቀን ሰርቆ ነው የምክር ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠው።