የሶፊው ቦኖ

ወደ ሐረር የወረድኩት አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ለሚያሳትመው መጽሔት ስለ መልካም ጉርብትና እንድጽፍ ተቀጥሬ ነው። ፋብሪካው ከከተማው ወጣ ብሎ ሶፊ ላይ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ለገበሬዎቹም ቦኖ ተክሎላቸዋል ተባልኩ። አምኜ፣ አውቶቡስ ውስጥ ግማሹን ጽሑፍ በሐሳቤ ጨርሼው ነበር። ሳያዩ መጻፍ ይቀላል።

ሐረር፣ ማለዳ

ሸዋ በር አጠገብ ፉል በልቼ፣ በባጃጅና በጫት ሻጮች መሐል ተጋፍቼ የፋብሪካው መኪና ላይ ወጣሁ። ሐኪም ጋራን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ቢጫ ጄሪካን የጫኑ አህዮች ሽቅብ ይመጣሉ።

«ገበያ ነው?» አልኩት ሹፌሩን።

«ውሃ ፍለጋ ነው።»

ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ሶፊ፣ ቀትር

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ አብዱልቃድር «መርሐባ! ግባ አቦ!» ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ከማሳቸው ማንጎ ቀረበልኝ፤ ምራታቸው ደግሞ ከሱቅ የፋብሪካውን ውሃ ገዝታ መጣች። ሹፌሩ እኔንና ሼሁን ጠርሙሱን መሐል አድርጎ ፎቶ አነሳን።

ማንጎው እጄ ላይ ተጣበቀ። ጠርሙሱን ከፍቼ ታጠብኩ። የተረፈውን አቧራ በለበሰው ጫማዬ ላይ አፈሰስኩት።

የዙህር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ሼሁ መሬቱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ።

«ሼህ፣ በአፈር?»

«ተየሙም ነው ልጄ። ውሃ ሲጠፋ አላህ ፈቅዶልናል።»

«ቦኖውስ?»

«የተመረቀ ቀን ፈሰሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ዘጉት። እነሱ ከቆፈሩ ጀምሮ የኛም ጉድጓድ ደረቀ።»

«ታዲያ የጠርሙሱ ውሃ እዚሁ ነበር እኮ! ስታጠብበት ለምን ዝም አሉኝ?»

«እሱማ የእንግዳ ነው። የእንግዳ ነገር ይነካል እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጫማዬ ገና እርጥብ ነበር፤ እግሬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

ሲሸኙኝ እጄን ያዙ። «ሌላ አንፈልግም። ቦኖው ይከፈት ብለህ ጻፍልን።»

«እጽፋለሁ» አልኳቸው።

አዲስ አበባ

ቤቴ እንደገባሁ ጻፍኩት። እንግዳ የቀረበለት ነገር ከማን ጉሮሮ እንደተነጠቀ መጠየቅ እንዳለበት የተማርኩትም በዚህ ጉዞ ነው። ዘግይቼ ተማርኩት።

መጽሔቱ ሲወጣ ስለ ቦኖው የጻፍኩት የለም። ፎቶው ግን ሙሉ ገጽ ይዟል፤ ከሥሩ «ውሃችንን ከጎረቤቶቻችን ጋር ስንካፈል» ይላል። ሼሁ ወደ እኔ እያዩ ይስቃሉ። ጠርሙሱ ገና አልተከፈተም።