የጋሽ ታፈሰ ካርቡሬተር

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ቃሊቲ ጋራዥ አስገብቼ ነበር። የውሃ ፓምፗ ያንጠባጥባል። ወጣቱ መካኒክ ክዳኑን ከፍቶ አየና፣ «ፋዘር፣ ትደርና ነገ ከሰዓት ይውሰዷት» አለኝ። ትሁት ልጅ ነው፣ እጁም ሥራ የሚያውቅ ይመስላል። እኔ ግን ትቻት መሄድ አልቻልኩም። ፓምፑን ራሴ ገዝቼ ተመለስኩና እዚያው ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ ማለቴም ውሸት ነው፤ ስነሳ ስቀመጥ፣ መኪናዋን ስዞር ዋልኩ። ልጁ ቅር ብሎት «አያምኑንም እንዴ?» ሲለኝ ሳቅሁ። እውነቱን ብነግረው ሥራውን ትቶ ሊሰማኝ ነው፤ ያኔ መኪናዬ ማደሯ አይቀርም።

በሃያ ሁለት ዓመቴ እኔም እዚሁ ቃሊቲ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ጋራዥ እሠራ ነበር። አለቃዬ ያወጣልኝ ስም «ቁንጫ» ነው። አንዱን ብሎን ሳልጨርስ ሌላውን የምጀምር፣ አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ልጅ ነበርኩ። የራሴ መኪናም ነበረችኝ፣ መኪና ከተባለች። በሯን ከአንዱ፣ መቀመጫዋን ከሌላው እየለቃቀምኩ ሁለት ዓመት ሙሉ የገጣጠምኳት ቮልስ ናት። ሁሉ ነገሯ እሺ ሲለኝ፣ ለሞተሩ ቤንዚን የሚመጥነው ካርቡሬተሯ አስቸገረኝ። አሮጌ ስለሆነ ዳገት ላይ ቤንዚን ይለቅና ሞተሩን ያፍነዋል። ወደ ሳሪስ የሚወስደውን ዳገት ስትጀምር ትስል ትስልና ቀጥ ትላለች። ከኋላዬ የጭነት መኪናዎች ጡሩንባ ያንባርቁብኛል፣ የታክሲ ረዳቶች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ግፋ!» እያሉ ይስቁብኛል። ያንን ዳገት በሕልሜ ሳይቀር እወጣው ነበር።

አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ቮልሳቸውን ፍሬን ሸራ ሊያስቀይሩ አመጡ። መኪናቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። «ሰኞ ጠዋት እወስዳታለሁ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ባለቤቴ የመውለጃ ቀኗ እየደረሰ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው ያገኘነው። አደራህን» አሉ።

በፍሬኑ ነውር የለብኝም፤ አሳምሬ ሠራሁት። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያለበትን የኋላ ክዳኗን መክፈቴ ነው። ካርቡሬተሯ ገና ካርቶኑን ያልረሳ አዲስ ነበር፣ ያብለጨልጫል። አለቃዬ ወደ ቤቱ ሄዷል። ለአንድ እሑድ ብቻ ነው፣ መስረቅ ሳይሆን መዋስ ነው፣ ሰኞ በማለዳ እመልሰዋለሁ አልኩ። ለገዛ ራሱ የሚከራከር ሰው ዳኛ አይቸግረውም። ሰዓት ሳይሞላ የእሳቸው ወደ እኔ፣ የእኔው አሮጌ ወደ እሳቸው ተዛወረ።

እሑድ ጠዋት ያንን ዳገት ወጣሁት። ዝናቡ አባርቶ ከጎማዬ የመረሬ ጭቃ ይፈናጠራል፤ እኔ ብቻዬን መኪና ውስጥ እጮኻለሁ። ተመልሼ ወርጄ እንደገና ወጣሁ፣ ከዚያም ሦስተኛ። ልቤ ሲረካ ከጋራዡ ማዶ ካለው ቁርስ ቤት ገብቼ ቃሪያ የበዛበት ፉል በትኩስ ዳቦ አዘዝኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፌ ሳደርስ የጋራዡ በር ተከፈተ። የጋሽ ታፈሰ ቮልስ ወጣች። እሳቸው መሪው ላይ ተደፍተዋል፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመዋል። ምጡ ሳይታሰብ መጥቶ ባለቤታቸውን እስከ ጋራዡ ደግፈው አምጥተው ኖሮ፣ ዘበኛው ቁልፉን ሰጥቷቸዋል።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ ጥዬ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። ወዴት እንደሚሄዱ ገባኝ፤ የት እንደሚቆሙም አውቅ ነበር።

እንደፈራሁት ዳገቱ መሐል ቆመው አገኘኋቸው። ካፊያው ጀምሯል። ጋሽ ታፈሰ የሞተሩን ክዳን ከፍተው በባዶ እጃቸው ያንን ይነካሉ፣ ይህን ይነካሉ። ከውስጥ የእትዬ አስካለ ማቃሰት ይሰማል።

«ትናንት ደህና አልነበረች? ምን ነክታችኋት ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ወደ እኔ መኪና እናዛውራቸው» ብዬ የመኪናዬን በር ከፈትኩ።

ለሁለት ተሸክመን አስገባናቸው። ቮልሴ ዳገቱን ሳትስል ወጣችው። እትዬ አስካለ ከኋላ ትከሻዬን ጨምድደው ይዘው «ፍጠንልኝ የኔ ልጅ» ሲሉኝ፣ የሚያወጣን የገዛ ዕቃቸው መሆኑን እያሰብኩ አለቀስኩ። ሐኪም ቤት እንደደረስን ሴት ልጅ ተወለደች። ነርሷ ወጥታ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ጋሽ ታፈሰ አንገቴን አቅፈው «እግዜር ነው የላከህ» አሉኝ።

ያኔውኑ ዳገቱ ላይ ወዳቆምናት መኪና ተመልሼ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ካርቡሬተሮቹን ቀያየርኩ። ማንም አላየኝም። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሥራ ላይ መፍቻ ከእጄ ይወድቃል፣ አለቃዬም «ቁንጫው ምን ነከሰው?» ይላል።

በሰማንያ ቀኗ የክርስትናዋ ድግስ ላይ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አስቀመጡኝ። ጋሽ ታፈሰ ለእንግዳው ሁሉ ታሪኩን ያወራሉ፤ በእያንዳንዱ ዙር እኔ የበለጠ መልአክ እሆናለሁ። የቀረበልኝን ዶሮ ወጥ ሳልነካው ተነስቼ ወጣሁ። ሊሸኙኝ ሲከተሉኝ ደጃፉ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው።

በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉ። ከዚያ፣ «ዳገቱ ላይ ያስቀረን ያንተ ዕቃ ነዋ?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

በጥፊ ቢመቱኝ በወደድኩ። «ለአስካለ እንዳትነግራት» አሉኝ። «ማታ ስትጸልይ ከልጇ ቀጥሎ የምትጠራው ያንተን ስም ነው። እሱን አልነጥቃትም። በል ግባና ምግብህን ብላ።»

ገብቼ በላሁ። ከዚያ ወዲያ መኪናቸውን ወደ እኛ ጋራዥ አምጥተው አያውቁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ሲሞቱ ከቀባሪው ኋላ ቆሜ ተመለስኩ።

እትዬ አስካለ አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ ደረጃውን ሳልጨርስ ወርጃለሁ። የባላቸውን ቃል ጠብቄ ይሁን ፈርቼ ለራሴም አልለየልኝም። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ነዳሁ፣ ስንቱ ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ላይ ቀረ፣ እኔን አንድም ክፉ ነገር አልነካኝም። ሰው ዕድለኛ ነህ ይለኛል። እኔ ግን ሴትየዋ ዛሬም ማታ ስሜን እንደሚጠሩ አውቃለሁ።