ሆድ ነው ወይስ ሆድሽን?

ባለፈው ሳምንት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ካለ የቅመም ሱቅ የተወቀጠ ፌጦ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና አፌ ውስጥ የሎሚ ጣዕም መጣብኝ። በእኛ ቤት ፌጦ ያለ ሎሚ አይቀርብም ነበር፤ «ሆዴን» ያለ ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በመጀመሪያ አንድ ማንኪያ ፌጦ በሎሚ መዋጥ ነበረበት።

የምንኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት ግቢ ነበር። አባዬ ቸርችል ጎዳና ላይ ከአንድ ሱቅ ደረጃ ሥር ሰዓት ይጠግን ነበር፣ እማዬ ቤት ውስጥ ሹራብ እየሠራች ትሸጥ ነበር፣ ልጆቹ ደግሞ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሳሚ ነበርን። ሁላችንም እንደየመልካችን የየራሳችን የሆድ ሕመም ነበረን።

የአባዬ ጨጓራ ነበር። ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ፣ ባንኮኒ ተደግፎ ማኪያቶ ሲደጋግም ይውልና ማታ ደረቱን ቃር እያቃጠለው ይገባ ነበር። እማዬ ተልባ በጥብጣ ትጠብቀውና «የእኔን ጨጓራ ከምትልጥ የራስህን ብታስታምም ምን አለበት?» ትለው ነበር፤ እሱም ጠጥቶ ሲያበቃ ነገ ቁርስ እንደሚበላ ይምል ነበር።

ክረምት የሳሚ ወራት ነበር። ሐምሌ ሲገባ የቧንቧው ውሃ ይደፈርሳል፣ ኮክ ይመጣል፣ ሳሚ ደግሞ ኮኩ እስኪበስል የሚጠብቅበት አንጀት አልነበረውምና ጥሬውን እየበላ፣ የደፈረሰውን ውሃ እየጠጣ ቁርጠት ይይዘው ነበር። አሜባ ይሁን ጃርዲያ እንዲለይለት ሰገራውን በክብሪት ቀፎ ይዞ ጤና ጣቢያ ይላክ ስለነበር፣ የሰፈሩ ጎረምሶች መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር «ሳሚ፣ ክብሪት አለህ?» ይሉት ነበር። እስከ ዛሬ ክብሪት ሲጠየቅ ፊቱ ይቀላል።

መስከረም ላይ ተራው የእኔ ነበር። የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ስለምጠየፈው ቀኑን ሙሉ ይዤ እየዋልኩ ሆዴ ይደርቅ ነበር፤ ይህን ለማንም ለመናገር ስለማፍር እማዬ «ጣፋጭ አብዝተሽ ነው፣ ወስፋት ነው» ብላ የወስፋት ኪኒን ታስውጠኝ ነበር።

እማዬ ግን ሆዷን የማያማት ሰው ነበረች። ቢያንስ እኛ እንደዚያ ነበር የምናምነው፤ እሷ ግን ሕመሟን ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር። ስምንት ዓመቴ እያለ፣ የገና ዕለት ዶሮ ወጥ ከተበላ በኋላ ቀኝ ጎኗን ከጎድኗ በታች በመዳፏ ተጭና፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አየኋት። ምን ሆነሽ ስላት ትንሽ ነፍቶኝ ነው አለችኝ። ዓመት በዓል ያለፈበት ሰው ሁሉ ሆዱን ስለሚነፋው እኔም ረሳሁት።

የካቲት ላይ ታናሽ ወንድሟ ሞተ። እማዬ ጥቁር ለበሰች፣ ሹራቡን ጀምራ መተው አመጣች፣ ሰው ሲያናግራት እንባዋ ይቀድማት ጀመር። የግቢው ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሆድ ብሷት ነው» ይባባሉ ነበር፤ እኔም ቃሉን ከእነሱ አፍ ለምጄ ነበር። ሁዳዴን በሙሉ ጎኗን ስትይዝ አላየኋትም፤ ቅቤና ሥጋ ከቤታችን በመጥፋቱ መሆኑን ግን ማን ልብ ይበል።

ፋሲካ መጣና ጾሙ ተፈታ። እሑድም ሰኞም አመማት፤ ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ቅቤ ሲገባ ያለ ነው ተባለ፣ ፌጦም ተሰጣት፣ መልሳ አወጣችው። ማክሰኞ ጠዋት ጋቢ ተደርቦላት ትንቀጠቀጥ ነበር። አባዬ ሐኪም ቤት እንሂድ ቢላት፣ በበዓል ሰው አታስቸግር ብላ እምቢ አለች። ሳሚ አክስታችን ቤት ስለነበር አባዬ እኔን ጎረቤታችን ወደሆኑት ወደ ሲስተር ከድጃ ላከኝ። ሲስተር ከድጃ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ መርፌ የወጉ ናቸው።

«ሩጪና፣ እማዬን ሆዷን ባሰባት በያቸው» አለኝ።

ሮጥኩ። ሲስተር ከድጃ ነጭ ጋወናቸውን በክንዳቸው ይዘው ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ በራቸው ላይ ደረስኩባቸውና፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ወራት ሙሉ የሰማሁትን ቃል ተናገርኩ።

«እማዬን ሆድ ባሳት።»

ራሴን ዳበሱኝ። ወንድም እኮ ነው፣ እንዴት አይብሳት አሉና፣ አይዞሽ በያት፣ ከሥራ ስወጣ መጥቼ አጫውታታለሁ ብለው ታክሲያቸውን ለመያዝ ፈጠኑ። እኔም ተመልሼ አባዬን «ይመጣሉ» አልኩት፤ መቼ እንደሚመጡ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። የሰው ሰዓት ሲጠግን የኖረው አባቴ ያን ቀን የራሱን ሰዓት ሲያይ ዋለ። አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይመጣሉ እያልን ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

ሲስተር ከድጃ አሥር ሰዓት ላይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ ይዘው፣ ማጽናናቱን ገና ከበሩ ጀምረው ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የእማዬን ፊት ሲያዩ ንግግራቸው ተቋረጠ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርገው አዩ፤ ነጩ ቢጫ ሆኖ ነበር። ቀኝ ጎኗን ሲነኳት እማዬ እጃቸውን ያዘች።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብለው አባዬን ጠየቁት። «ሆዷን ባሰባት ብዬ እኮ ከጠዋት ልኬብዎታለሁ» አላቸው። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ታክሲ ተጠርቶ እማዬ ተደግፋ ወጣች፣ እኔ ከቆሎው ጋር ቤት ቀረሁ።

የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ፤ ጠጠሩ መውረጃውን ዘግቶት መርዟል፣ አንድ ቀን ቢያድር አትተርፍም ነበር ብሎ ሐኪሙ ለአባዬ እንደነገረው፣ አባዬ ለሳሚ ሲነግረው ሰማሁ። እሷ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት በተኛችባቸው ቀናት እኔ እህል አስጠላኝ፣ ሆዴንም ይቆርጠኝ ጀመር። የክብሪት ቀፎው ተራ ለእኔ ደረሰ፤ ምርመራው ግን ምንም አላገኘም። እናቴን ልገድላት ነበር ብዬ ፈርቼ እንደሆነ ለማን ልናገር?

እማዬ ቤት ስትመለስ ጠጠሮቹን በትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች፤ ሦስት ነበሩ። ሳሚ እየገለባበጠ ሲያያቸው፣ እኔ ጋቢዋ ውስጥ ገብቼ እያለቀስኩ ተሳስቼ እንደተናገርኩ ነገርኳት። እንዲህ አለችኝ፦

«አልተሳሳትሽም ልጄ። ሆዴንም አሞኝ ነበር፣ ሆድም ብሶኝ ነበር። ለሁለተኛው ከአንቺ በቀር ሐኪም የጠራልኝ የለም።»

ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ሰው ሆዱን ካነሳ፣ ፌጦው ከመምጣቱ በፊት «ሆድ ነው ወይስ ሆድሽን?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፣ ወንድም ቢሆን፤ «ሆድ» ከሆነ የከፋው፣ «ሆድሽን» ከሆነ ያመመው ማለት ነው።

ግቢያችን አሁን የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ሲስተር ከድጃ ወደ አንዱ፣ እኛ ወደ ሌላው የከተማ ዳር ሄድን። አባዬ ካረፈ ወዲህ እማዬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ከሕንፃው ሥር ክሊኒክ አለ፣ ሆድን በደቂቃ ውስጥ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያም አለው፤ ዛሬ እንደዚያ ቢያማት ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት የሚያስጠብቃት ነገር የለም። የጎረቤቶቿን ስም ግን እስካሁን አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ጋ ቆሜ ፌጦ ልግዛላት ወይስ ይቅር እያልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እሷ ነበረች። እንዴት ዋልሽ ስላት ደህና አላለችም።

«ሆድ ነው ወይስ ሆድሽን?» አልኳት።

ትንሽ ሳቀችና «ሆድ ነው» አለች።

ፌጦውን ተውኩት። ጥግ ላይ ከተቀመጠች ሴት ቆሎ ገዝቼ፣ በጋዜጣ አስጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።