አባቴ ለመንደሩ የሰጡት ቃል

ባለፈው ሐምሌ የልጅ ልጄ ሰናይት እጄን ይዛ ወደምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ወሰደችኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ግን «እምዬ፣ ዛሬ ስለ አገርሽ አፈር ነው የምንነጋገረው፤ ነይና ስሚ» ብላ ስትለምነኝ እንቢ ማለት አልሆነልኝም። እሷ የምታጠናው የጮቄን ተራራ ተዳፋት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ከገበሬው ማሳ ላይ ምን ያህል አፈር እንደሚወስድ ትመረምራለች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሹማምንቱ ከፊት፣ ከየቀበሌው የተጠሩት ገበሬዎች ከኋላ ተቀምጠዋል። ሰናይት ተናግራ ስትጨርስ አንዱ ሹም ተነሣና «መልካም፤ እንግዲህ ገበሬው ተዳፋቱን ይረስ ወይስ ይተው? ሕዝቡ የሚፈልገው ቁርጡን ነው» አላት። እሷም «በአንዳንዱ ቦታ ይተው። በአንዳንዱ ቦታ ግን ገና አላወቅንም» ብላ መለሰች። አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው «ታዲያ ለምን ተማሩ?» ሲል ሰማሁት።

ነጠላዬን ወደ ራሴ ሰብሰብ አደረግሁ። ሰናይት ከሩቅ አይታኝ የበረደኝ መስሏት ነጠላዬን እንድደርብ በእጇ አመለከተችኝ። ብርድ አልነበረም፤ የአባቴ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በማግሥቱ ዓመት ነው መሰለኝ፤ የዓመቱን ቁጥር ትቼ ክረምቱንና በጋውን ነው የማስታውሰው። መንደራችን ከከተማው ወደ ሮብ ገበያ ሲወጣ፣ ብርዱ ጠንከር ከሚልበት፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ዳገት ላይ ነበረች። አባቴ የኔታ ተገኘ በዲማ ገዳም ብዙ ዘመን ተምረው የወጡ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። በቤተ ክርስቲያናችን አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቻቸው በየጎጆው ተጠግተው ይኖራሉ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ለእኛ ያ ነበር። ሰው የድንበር ጠብ ሲገጥመው፣ ጋብቻ ሲያጠራጥረው፣ ስለት ሲከብደው እዚያ ይመጣል። ዳኛ ከፈረደ በኋላ እንኳ «የኔታስ ምን አሉ?» ይባል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ልጅ እግር ሙሽራ ነኝ። ባሌ አያሌው ይባላል፤ ጎጆአችን ከአባቴ ቤት በታች፣ የባቄላውን ማሳ ተሻግሮ ነበር። ሳቂታ ሰው ነው። በሬዎቹን በረት ሲያስገባ እንኳ እያጫወተ ነው።

ረኃብ ገብቶ ነበር። ያለፈውን ዓመት የእህል ክምር የጣሊያን ወታደሮች አቃጥለውት፣ ሰው በየአጥሩ ሥር ሳማ እየለቀመ ይቀቅላል። የተማሪዎቹ የልመና አኩፋዳ ባዶውን ሄዶ ባዶውን ይመለሳል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ የሚወጣላቸው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ሕፃናት ማልቀስ እንኳ አቁመው ነበር። የሚያለቅስ ሕፃን ገና ጉልበት አለው፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

በዚህ መሀል ከከተማው የጣሊያን ትእዛዝ መጣ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ፤ ያስረከበ የሰላም ወረቀት ይሰጠውና በሰላም ይረስ፤ ያላስረከበ ቤቱ ይቃጠላል። የመንደራችን ሰዎች ደግሞ ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ለአርበኞቹ ምለው ነበር፤ ጠመንጃውን ለጠላት የሰጠ ውጉዝ ይሁን ተብሎ። ከላይ መሐላ፣ ከታች እሳት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወደ አባቴ መጡ። «የኔታ፣ እርስዎ ያሉንን ነው የምናደርገው» አሉ። አባቴ ለማሰብ ቀን ጠየቁ።

ከአባቴ ተማሪዎች ሁሉ በትምህርት የገፋው ልሳኑ የሚባል ከወንዝ ማዶ የመጣ ሰው ነበር፤ አባቴ በሌሉ ጊዜ ወንበሩን የሚይዝ እሱ ነው። ጉባኤው ስለ መሐላ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ልሳኑ ተነሥቶ «የኔታ፣ መጽሐፉ የመሐላን ነገር ይነግረናል፤ የነዚህን የጣሊያን ሰዎች ጠባይ ግን አይነግረንም። ቀድመው ያስረከቡት መንደሮች ምን ሆኑ? ልሂድና ልጠይቅ» አለ። አባቴ መርቀው ላኩት። አኩፋዳውን አንግቶ፣ እየለመነ የሚሄድ ተማሪ መስሎ፣ መንደር ለመንደር እስከ አማኑኤል ከተማ ዘለቀ። ሲመለስ እግሩ አብጦ ነበር።

ይዞት የመጣውን ወሬ ያን ጊዜ የሰማው አባቴ ብቻ ነው። እኔ ኋላ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ከልሳኑ አፍ ሰማሁት። በአማኑኤል በኩል ያስረከቡት ሰዎች እያረሱ ነው፤ የነካቸው የለም። ወደኛ ጠጋ ባሉት መንደሮች ግን ያስረከቡትን ሁለተኛ ጠርተዋቸዋል፤ ሁለተኛ ተጠርተው የሄዱት አልተመለሱም።

«ሁለቱንም ይንገሯቸው የኔታ» አላቸው ልሳኑ።

«ሁለቱንም ብነግራቸው ምን ይሆናሉ? ግማሹ ያስረክባል፣ ግማሹ ይሸፍታል። የሸፈተው ባስረከበው ላይ ይነሣል። ልጆቹስ? ሰኔ እየገባ ነው ልሳኑ። ዘር መሬት ካልነካ የሚተርፍ ሕፃን የለም።»

«እንግዲያው ሁለተኛ ከተጠሩ እንዳይሄዱ ብቻ ይንገሯቸው።»

«እንደዚያ ካልኋቸው የመጀመሪያውንስ ማን ይሄዳል?»

በጉባኤ ሥርዓት ተማሪ ከመምህሩ ቃል በላይ ቃል አያሰማም። ልሳኑ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተሰበሰበ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ይሸታል፤ ገበሬ ያን ሽታ ሲሰማ እንዴት እንደሚቁነጠነጥ ያየ ያውቀዋል። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና «ሕፃን አስርቦ የሚገድል መሐላ አይጸናም። አስረክቡ፤ እረሱ። ፍዳው በእኔ ይሁን» አሉ።

ከሰዉ መሀል አንዱ «ካስረከብን በኋላስ ይተዉናል የኔታ?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ መስቀላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ «ይተዉአችኋል» አሉ።

እኔ እስከ ቤታቸው ተከተልኋቸው። አያሌው ከአባቱ የወረሰው ውጅግራ ጠመንጃ ነበረው፤ ከዓይኑ ብሌን ለይቶ አያየውም። «አባቴ፣ ለአያሌውም የሚሉት ይህንኑ ነው?» አልኋቸው። «ለአያሌውም ይህንኑ ነው ልጄ» አሉ። ከሰው ልጅ ለይተው ለልጃቸው የተለየ ቃል የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። ይህን እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያጽናናኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያንገበግበኛል።

አያሌው ከሰዎቹ ጋር ወርዶ ውጅግራውን ሰጥቶ ተመለሰ። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ክታብ ባንገቱ አሠረው። በማግሥቱ በሬዎቹን ጠመደ። ያ ክረምት፣ እውነት ለመናገር፣ ከዕድሜዬ ሁሉ ደስ ያለኝ ክረምት ነው። ጉሙ ከጮቄ ወርዶ ጎጆአችንን ይሸፍነዋል፤ አያሌው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ እየሳቀ ነው። መስከረም ሲጠባ ገብሱ አሸተ። የመጀመሪያውን እሸት በእሳት ለብለብ አድርገን በመዳፋችን እያሸን በላን። ሕፃናቱ እንደገና ማልቀስ ጀመሩ፤ እናቶች በልጆቻቸው ለቅሶ ተደሰቱ።

ከዚያ አንድ ቀን በታችኛው መንገድ ላይ የሚሄድ የጣሊያን መኪና ተተኮሰበት። ማን እንደተኮሰ አናውቅም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ባንዳዎች መጥተው «ወረቀት ያላችሁ ሁሉ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ወንዙ ውረዱ፤ ሊታደስላችሁ ነው» ብለው ለፈፉ።

አያሌው ጋቢውን ሲያጣፋ ልሳኑ የባቄላውን ማሳ እየጣሰ እያለከለከ ደረሰ።

«አያሌው፣ አትሂድ! ሁለተኛ የተጠራ አልተመለሰም!»

«ማን ነገረህ?»

«ሄጄ አይቻለሁ። ባዶ ቤታቸውን አይቻለሁ።»

አያሌው ሳቀ። «አይ ልሳኑ፤ የኔታ እኮ ይተዉአችኋል ብለውናል። አንተ ከእሳቸው ልትበልጥ ነው? ይልቅ ብቀር ነው ቤቴን የሚያቃጥሉብኝ።» ወደ እኔ ዞሮ «እሸቱን ወፍ እንዳይጨርሰው አደራ» አለኝና ወረደ። ልሳኑ ወደሌሎቹ ቤቶች ሮጠ፤ ሁሉም የመለሱለት ያንኑ ነው።

ተኩሱን ፀሐይ ዘንበል ስትል ሰማነው። መጀመሪያ አንድ ላይ፣ ኋላ አንድ አንድ እያለ። ከሄዱት ማንም አልተመለሰም።

ሬሳቸውን ያነሣነው ሴቶችና ሽማግሌዎች ነን። ልሳኑ መቃብር ሲቆፍር ውሎ፣ ማታ አጠገቤ ተቀምጦ ከአባቴ ጋር የተነጋገረውን ሁሉ ነገረኝ። በነጋታው መጽሐፉን ለጓደኞቹ ትቶ ወደ አርበኞቹ ገባ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

የሰማሁትን ለአያሌው እናት ለጠጂቱ ነገርኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ አባቴ ቤት ገሰገሰች፤ ተከተልኋት። አባቴ ከመደባቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እህል ከቀመሱ ሰንብተዋል። ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን አጥፈው አጎንብሰዋል።

«የኔታ» አለች ጠጂቱ፣ «ልጄን የገደለው ጣሊያን ነው። እርስዎ አልገደሉትም። ግን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር ጠጂቱ።»

«እንደሚገድሉት ያውቁ ነበር?»

«እሱንስ አላውቅም። የገደሉበትም አገር አለ፣ ያልነኩበትም አለ። የትኛው ዕጣ እንደሚደርሰን አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ እንደዚያው አይሉንም ነበር? አላውቅም ቢሉን ምን እንሆን ነበር? ገበሬ እኮ የሰማዩን ሳያውቅ ነው የሚዘራ። ሳናውቅ መኖር የለመድን ሰዎች ነን።»

አባቴ ራሳቸውን በእጃቸው ያዙ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ የምናገረው ነገር ነበረኝ፤ መንገዱን ሁሉ ሳሰላስለው ነበር የመጣሁት። ሳያቸው ግን የጠጂቱን ክንድ ይዤ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ቅጥር ግቢ ቆመው፣ ልሳኑ ያመጣውን ወሬ፣ እሳቸው የደበቁትን ሁሉ ለሕዝቡ ተናገሩ። «ለሁለት እንዳትከፈሉ ብዬ ነው» አሉ። የተቆጣ የለም፤ ይቅር ያለም የለም። ሰዉ ወደየቤቱ ተበተነ። ገብሱን እኛው ሴቶቹ አጨድነው።

አባቴን የገደላቸው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰው መጠየቁን ተወ። በዓመቱ ጠላት በሬዎቻችሁን አስመዝግቡ ሲል ወደ ጉባኤው የመጣ ሽማግሌ አልነበረም። ሁሉም በየጓዳው የመሰለውን አደረገ፤ አንዱ በሬውን ይዞ ጫካ ገባና አለቀ፣ አንዱ ከጎረቤቱ ተደብቆ አስመዘገበና ተወሰደበት። አባቴ ከደጃፋቸው ተቀምጠው የሚመጣ ሰው ይጠብቁ ነበር። ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ወደሌላ አገር ሄዱ። አባቴ የአገሩን ነጻነት ሳያዩ በክረምት አረፉ።

እኔም ኋላ ሌላ ባል አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ከተማ ገባሁ። ሰው ይኖራል።

ያን የዩኒቨርሲቲውን ስብሰባ ጨርሰን ቤት ስንገባ የሰናይት ፊት ጠቁሮ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ ከአጠገቤ ተቀመጠችና «እምዬ፣ ቁርጡን ብነግራቸው ይሻለኝ ነበር። ከእንግዲህ ማንም አይሰማኝም» አለች። ለልጆቼ እንኳ ነግሬው የማላውቀውን ይህን ታሪክ ለእሷ ነገርኋት። ስጨርስ «አባትሽ ሁለቱንም ቢናገሩ ኖሮ አያሌው ይተርፍ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዕድሜዬን ሁሉ ስጠይቀው የኖርሁት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያውን ጥሪ ይሄድ ነበር፤ አያሌው በሰኔ በሬው ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም። ሁለተኛ ሲጠሩት ምናልባት ወደ ጮቄ ይወጣ ነበር፤ ምናልባትም ቤታችንን እንዳያቃጥሉ ብሎ፣ ለእኔ ሲል፣ እያወቀ ይወርድ ነበር። ግን እያወቀ ቢወርድ ኖሮ፣ ልጄ፣ ቢያንስ ተሰናብቶኝ ይሄድ ነበር።