ወንድሜን ስታዲየም ውስጥ የፈለግሁበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሶፋው ላይ ጋለል ብሎ ስልኩን ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገና «እማ፣ ትኬት ቆረጥኩ» አለኝ። ባሕር ዳር ለሚደረግ ጨዋታ ነው። ከወረታ ሳይነሣ፣ ሳይሰለፍ፣ ሳይጋፋ፣ የሚቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር አወቀ። ቴሌቪዥኑም ስለዚያው ያወራል፤ ቡድናቸውን ተከትለው የመጡ ፈረንጆች ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው በመንገድ ላይ ሲጨፍሩ ያሳያል። «ገዳም ሊያዩ መጡ ወይስ ኳስ?» ብሎ ልጄ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሥራ ያለኝ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ኳስ እንደማልወድ ያውቃል። ለምን እንደማልወድ ግን ነግሬው አላውቅም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የፈተና ውጤት እየጠበቅሁ ቁሐር ሚካኤል፣ አባቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ቤቱን የያዘችው የታላቅ ወንድሜ ሚስት፣ የሺ ነበረች። ወንድሜ ዳኛው ይባላል። አባቴ ይህን ስም ያወጡለት አንድ ቀን ችሎት ይቀመጥልኛል ብለው ነው። እሱ ግን ሩዙን ተክሎ፣ ከብቱን አሰማርቶ፣ የተረፈውን ጊዜ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ኳስ የሚሰማ ሰው ሆነ።

የሺን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቤታችን ስትገባ እኔ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እሑድ እሑድ በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራኝ ነበር፤ ፀጉሬን ስትስበው ስጮኽ ትስቃለች፣ ስትስቅ ደግሞ ይበልጥ ትስበዋለች። ልጅ ሳትወልድ ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ ስታረግዝ አባቴ እንኳ፣ እንዲያ ቁጥብ የነበሩት ሰው፣ በየቀኑ «ዛሬስ እንዴት አደርሽ?» ማለት ጀመሩ።

ወሩ መስከረም ነበር። የእኛን አገር መስከረም የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ቢያባራም ሜዳው ውሃውን ገና አይለቅም። ሩዙ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያረገርጋል፤ ከብቶች እስከ ሆዳቸው ገብተው ይግጣሉ፤ የጭቃውና የሚበሰብሰው ሣር ሽታ ከልብስ አይለቅም። ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ ያለው ርቀት በበጋ አጭር ነው፤ በመስከረም ግን ሌላ አገር የመሄድ ያህል ነው።

ዳኛው በዋዜማው አባቴን አስፈቀደ። «አባባ፣ ነገ ባሕር ዳር ደርሼ ልምጣ። ከውጭ አገር ቡድን ጋር ጨዋታ አለ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይሄዳሉ።»

«ሚስትህ ከባድ ሰው ናት» አሉ አባቴ።

የሺ ጣልቃ ገባች። «ይሂድ አባባ፤ እኔ ገና ሁለት ወር ይቀረኛል። ቤት ከዋለማ በዚያ ሬዲዮው ሲያደነቁረኝ ነው የሚውለው።» ሁላችንም ሳቅን። ዳኛው ሳይነጋ ወጣ፤ የትኬት መሸጫው ጠዋት እንደሚከፈት ሰምቶ ኖሯል።

ፀሐይ ወጣ ስትል የሺ ከጓሮ ጠራችኝ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «ማንጤ፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። ማንጠግቦሽን አሳጥራ እንዲህ የምትለኝ እሷ ነበረች። ስደርስ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች፤ ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደም ሆኗል።

ጎረምሶቹ ሁሉ ወደ ጨዋታው ስለሄዱ ቃሬዛውን የተሸከሙት ሽማግሌዎችና የአባቴ ተማሪዎች ነበሩ። ውሃው አንዳንድ ቦታ ደረት ይደርሳል። ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ሲሻገሩ አንዱ ከተደናቀፈ ሁሉም ይንገዳገዳሉ፤ እኔ ከጎን ሆኜ እጇን ይዣለሁ። ወረታ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ገና እንዳየቻት «ባሕር ዳር፣ አሁኑኑ» አለች። ሩዝ የጫነ ፒክአፕ ለመንን። ሾፌሩ ጆንያዎቹን አውርዶ ቦታ አበጀልን። እኔ፣ አባቴና የሺ ወጣን።

መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር። ሐሙሲት ላይ ባንዲራ የተሸከሙ ወጣቶች በጭነት መኪና ላይ ታጭቀው እየዘፈኑ ከጎናችን ደረሱ። ከኋላ የተቀመጥነውን ሲያዩ እኛም ለጨዋታው የምንሄድ መስለናቸው ጡሩምባ ነፉልን፤ አንዱ የተጠበሰ በቆሎ ወረወረልኝ። የየሺን ጆሮ በሁለት እጄ ሸፈንኩ። እሷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ዳኛው ትኬት አግኝቶ ይሆን?» አለችኝ።

«አግኝቷል» አልኳት።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ ብዙ አላወራም። ደም ያስፈልጋታል፤ የእሷ ዓይነት ያለው ጥቂት ነው፤ የሚሰጥ ሰው አምጡ። እኔን መረመሩኝ፤ አልገጠመም። አባቴን ገና ሲያዩዋቸው በዕድሜያቸው ምክንያት አይሆንም አሏቸው። «እዚህ ከተማ ዘመድ አላችሁ?» አለ ዶክተሩ። አንድም ሰው አልነበረንም። አባቴ ውዳሴ ማርያማቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያገራችን ጎረምሳ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ሂጂ ልጄ። ወንድምሽን አምጪው። ያገኘሽውን ሁሉ አምጪው።»

ሮጥኩ። መንገዱን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጩኸቱን ተከትዬ ሄድኩ። ስደርስ የትኬት መሸጫው መስኮት ተዘግቷል፤ የግቢው በር ላይ ያልገባው ሕዝብ እንደ ጎርፍ ይገፋል፤ ፖሊሶች በዱላ ይመልሱታል። ቆሎ ሻጮች፣ ሸንኮራ ሻጮች፣ ባንዲራ ሻጮች በመካከል ይሹለከለካሉ። አንድ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የሳበ ሰው «ትኬት ልስጥሽ?» ብሎ ሹክ አለኝ። በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ብር ሁሉ ፈትቼ ሰጠሁት። ተጋፍቼ በሩ ላይ ስደርስ ትኬት ቆራጩ ወረቀቱን አገላብጦ አየና መለሰልኝ።

«ይሄ የባለፈው ጨዋታ ነው እህቴ።»

«ሰው እየሞተብኝ ነው! ወንድሜ ውስጥ ነው!»

«ዛሬ ወንድሙ ውስጥ ያልሆነ ማን አለ? ዞር በይ።»

እንዳላመነኝ ገባኝ። ከእኔ በፊት ስንቱ አልቅሶበት ይሆን። ዞር ብዬ ያን ሰውዬ ፈለግሁት፤ የለም። አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ሰው መካከል ሆኜ ብቻዬን የቀረሁበት ጊዜ የለም።

በዚህ መካከል የቱሪስት መኪና ቆመ። ጣና ላይ ሲዞሩ የሰነበቱ ይመስለኛል፤ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል። በአስጎብኚያቸው መሪነት ወደ ጥላ ፎቁ በር ሲሄዱ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ፊቴ ቆመች። አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት እንግሊዝኛ ከአፌ ጠፋ፤ የመጣልኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። «ብለድ» አልኳት፣ «ብለድ፣ ብለድ»። ሴትዮዋ የቆሰልኩ መስሏት ክንዴንና ራሴን ትዳብስ ጀመር። አስጎብኚው ደርሶ በአማርኛ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ተረጎመላት። ቃሉን ሳይጨርስ የራሷን ትኬት መዳፌ ውስጥ ከታ ጨበጠችልኝ። እሷ ውጪ ቀረች።

ውስጥ ስገባ የመታኝ ጩኸቱ ነው። ከበሮው ሆዴ ውስጥ ይመታል፤ ጡሩምባው ጆሮ ይበሳል፤ አቧራው፣ የብርቱካን ልጣጩ፣ ላቡ አንድ ላይ ይሸታል። ደረጃው ላይ ከላይ እስከ ታች ፊት ብቻ ነው፤ ሁሉም አንድ ፊት ይመስላል። ከአጥሩ ሥር እየሮጥኩ የወንድሜን ስም መጣራት ያዝኩ።

«ዳኛው! ኧረ ዳኛው!»

ለካ ያን ጊዜ የሜዳው ዳኛ አንድ ጥፋት አሳልፎ ኖሯል። ከፊቴ ያሉት ሰዎች ዳኛውን የምሰድብ መስሏቸው በሳቅ ፈነዱ። አንዱ «በይው እህቴ! በይው!» አለኝ። ከዚያ አብረውኝ ጮኹ። «ዳኛው! ዳኛው!» ጩኸቱ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ሄደ፤ ስታዲየሙ በሙሉ የወንድሜን ስም ይጮኻል፤ የእኔን ድምፅ ግን የሚሰማ የለም። «ወንድሜን ነው!» እላለሁ፤ ይስቃሉ። ጆሮዬን ይዤ አለቀስኩ።

ማይክራፎን የያዘውን ሰው ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥላ ፎቁ ሥር ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። «ጨዋታ ላይ ነው፤ አይቻልም» አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ደንግጦ አነሣኝና «እረፍት ይውጡ፤ ያን ጊዜ እናገርልሻለሁ» አለኝ። ስንት ደቂቃ እንደጠበቅሁ አላውቅም። የሺ የምትተነፍሰውን ትንፋሽ እየቆጠርኩ የጠበቅሁ ይመስለኛል።

ፊሽካው ተነፋ። «ከፎገራ፣ ከቁሐር ሚካኤል የመጣህ ዳኛው የተባልክ...» ሲል ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ሰውየው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ቀልድ አይደለም ወገኖቼ! ባለቤትህ ሆስፒታል ናት። ነፍሰ ጡር ናት። ደም ያስፈልጋታል። ዳኛውም ሌላም ሰው፣ የሚችል ሁሉ ይድረስላት!»

ሳቁ ቆመ። እንዲያ የሚጮኸው ሕዝብ ከአንዱ ጥግ ጀምሮ ጸጥ እያለ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ተነሣ፤ ቀጥሎ ሌላው። ከደረጃው እየወረዱ ወደ በሩ ሲሄዱ ከኋላ ያሉት መንገድ ለቀቁላቸው። ትኬት ቆራጩ እኔን ሲያይ አንገቱን ደፋ፤ እሱም ቦታውን ለጓደኛው ሰጥቶ ተከተለን።

የሆስፒታሉ ግቢ ተሰልፎ በሚጠብቅ ሰው ሞላ። ባንዲራ ትከሻው ላይ የጣለ አለ፤ ፊቱን ቀለም የተቀባ አለ፤ ያቺ ሽበታም ፈረንጅም እጅጌዋን ሰብስባ መካከላቸው ቆማለች። ሁለት ነርሶች ደም እየመረመሩ ያስገባሉ። ዳኛውን ግን አላየሁትም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ዶክተሩ ወጣና ከአባቴ ፊት ቆመ። የተናገረውን አልሰማሁም። አባቴ መጽሐፋቸውን ዘግተው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሲስቡ ነው ያየሁት። ልጁም እሷም አልተረፉም።

ለሰዎቹ ልነግራቸው ይገባል ብዬ በሰልፉ አጠገብ ተራመድኩ። አፌ እምቢ አለኝ። አንድ በአንድ ፊታቸውን እያየሁ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ፣ እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቅልሎ ዳኛው ቆሟል። የወጣው በሩቁ በር ኖሮ ከተማው ጠፍቶት ሲሮጥ ቆይቷል። ጥበቃው «ደም ለመስጠት ከሆነ ተሰለፍ» ሲለው ተሰለፈ።

«ማንጤ! ደረስኩ አይደል?»

አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል፤ ክንዱን አሁንም እንደዘረጋ ነው።

«ደርሰሃል» አልኩት።

እጁን ይዤ ከሁሉም ፊት አስገባሁት። ነርሷ ከእኔ ጋር ስታየው የየሺ ባል እንደሆነ ገባት። ልትናገር አፏን ስትከፍት ዓይን ዓይኗን አየኋት። አልጋው ላይ አጋደመችው፤ መርፌውን አስገባች። ዳኛው ከረጢቱ ሲሞላ እያየ «ሁሉንም ውሰዱት፣ እኔ ጠንካራ ነኝ» ይላት ነበር። ሲጨርስ ነርሷ ከረጢቱን ይዛ ወጣች፤ እሱ ጥጡን ክንዱ ላይ ይዞ ብዙ ጠበቀና ተነሣ፤ «አሁን ልያት» አለኝ። ያን ጊዜ ማረፏን ነገርኩት፤ መቼ እንደሆነ ግን አላልኩትም። አልጮኸም። የጠቀለለውን እጅጌ ቀስ ብሎ አወረደና ቁልፉን ቆለፈ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከአርባዋ በኋላ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «ያን ሰዓት እኔም እጮኽ ነበር እኮ። ዳኛው፣ ዳኛው እያልኩ።» ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታው አንስቶ አያውቅም።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ። አባቴም አርፈዋል። ዳኛው ሌላ ትዳር ይዟል፤ ልጆችም አሉት፤ ቁሐር ያንኑ ማሳ ያርሳል። ሬዲዮ ግን ቤቱ የለም። በየዓመቱ የየሺን ዝክር ሲያደርግ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ «ደሜን ሰጥቻት ነበር፤ ሳይበቃት ቀረ» ይለኛል። እኔም «አዎ» እለዋለሁ። ደሙ ወደ እሷ እንዳልደረሰ፣ ክንዱን ሲዘረጋ እሷ ከሞተች ቆይታ እንደነበር አያውቅም። በማግስቱ ነርሷ የዚያ ሰልፍ ደም ለሌሎች ሴቶች እንደደረሰ ለአባቴ ነግራቸው ነበር። ይህንንም አልነገርኩትም፤ አንዱን ከነገርኩት ሌላው ይከተላልና።

ያን ዕለት ትክክል ነው ብዬ አደረግሁት። ባዶ እጁን ከሚመለስ የሰጠው ነገር ይኑር አልኩ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቶ ሳስበው ግን፣ ያን ያደረግሁት ለእሱ ይሁን ወይስ ያን ቃል ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ላለመናገር ለራሴ፣ መለየት አቃተኝ። ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ከጓዳ ዓይኔ ቀልቶ ስወጣ አይቶኝ «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ምንም አልኩት። ለእሱም ዋሸሁ ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማንም ከመስጠቴ በፊት ነገ ቁሐር እወርዳለሁ። ሜዳው ዘንድሮም ውሃውን አልለቀቀም ይላሉ፤ ጫማዬን አውልቄ እሻገራለሁ። ዳኛው ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሊቆጣ ይችላል፣ ዝም ሊለኝም ይችላል። ምናልባትም ያን ዕለት ሆስፒታል ውስጥ እንደነገርኩት ጊዜ፣ እንደገና መሬት ላይ ይቀመጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ቆሜ አየሁት፤ አሁን ግን አብሬው እቀመጣለሁ።