ልጅ ልንለምን እንጦጦ የወጣን ዕለት

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ የተነሳሁት እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ልጅ ልለምን ነው። ዕለቱ የማርያም ነበር። ካገባሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ አልወለድኩም። እንጦጦ ለእኛ ለጉለሌ ሰዎች ጉዞ የሚባል አይደለም፤ በሬ ላይ ሆኜ ተራራው ይታየኛል። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ።

አብራኝ የምትወጣው መሠረት ነበረች፤ እኔ መሲ ነው የምላት። የተዋወቅነው የማሕፀን ሐኪም ጋ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። ነፍሰ ጡሮቹ ሆዳቸውን እያሻሹ ሲያወሩ እኛ ሁለታችን ጥግ ይዘን ተቀምጠን ነበር። ተያየንና ሳቅን። ከዚያ ወዲህ የወር አበባችን ጊዜ በደረሰ ቁጥር እንደዋወላለን። «መጣ?» «መጣ።» በቃ፣ ሌላ ቃል አያስፈልገንም። የባሌ እህት ስትወልድ፣ ጎረቤቴ መንታ ስታረግዝ ቅናቴን የምናገረው ለእሷ ብቻ ነበር። «እኔም ቀናሁ» ትለኛለች። ይቀለኛል።

ቀጨኔና ሽሮ ሜዳ

አዲሱ ገበያ ቅዳሜ መላወሻ የለውም። ሽንኩርቱና ድንቹ አስፋልት ድረስ ወጥቷል፤ የታክሲ ረዳቶቹ ይጮሃሉ። እንደምንም ታክሲ አግኝቼ ቀጨኔ ደረስኩ። መሲ መድኃኔዓለም በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቀኛለች። ፊቷ ሞላ ብሏል።

«አምሮብሻል» አልኳት።

«ኧረ ተይ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ድስትና ማሰሮ ደጃፋቸው ላይ የደረደሩትን ሸክላ ሠሪዎች አልፈን በጠባቡ ኮብልስቶን ወረድን፤ ከዚያ በታክሲ ሽሮ ሜዳ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነበር። መሲ አንዱ ሱቅ ፊት ቆማ ቀረች። ለክርስትና የሚሆን፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቀሚስ ተሰቅሏል። ጫፉን በጣቷ ትዳስሳለች።

«ተይ፣ ራስሽን አታሰቃዪ» ብዬ በክንዷ ጎተትኳት።

ቀሚሱን ዞራ እያየች ተከተለችኝ።

የእንጦጦ ዳገት

ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ባሕር ዛፉ ሲጀምር አየሩ ቀዘቀዘ። በዳገቱ ሴቶች ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። እኔ ምን ብዬ እንደምሳል እያሰብኩ ነበር። መሲ ቦርሳዋን ከፍታ ዳቦ አወጣችና መብላት ጀመረች።

«ጸበል ሳንጠጣ ትበያለሽ?»

ማኘኳን አቆመች። በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

«ባዶ ሆዴን ስሆን ያስመልሰኛል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ የፊቷ መሙላትና ያቺ ትንሽ ቀሚስ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ሦስተኛዬን ይዣለሁ። ጽጌ፣ እ... ማለቴ፣ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ስልክ አንስቼ...»

«ባለፈው ወር ‹መጣ?› ስልሽ ‹መጣ› አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።» ዓይኗ እንባ ሞላ።

የሌሎች ሴቶች እርግዝና ያስከፋኝ ነበር። የመሲ ግን ልጅ ከእቅፌ የነጠቁኝ ያህል ነደደኝ። ሆዷን ለማየት ፈራሁ፤ ደግሞ ዓይኔ ከሆዷ አልነሳ አለ። ማነው ያዳናት? የትኛው መድኃኒት? ያልወሰድኩት ምን ወሰደች?

«ታዲያ ምን ልትለምኚ ትወጫለሽ?» አልኳት። «ላንቺማ ሰጥታሻለች።»

«ላንቺ ልለምን ነው።»

«እኔ አማላጅ አላዘዝኩም።»

ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ዘወር ብለው አዩን።

ከቅጥሩ ውጭ

ከታክሲው ስወርድ ትኩስ ነገር በጭኔ ሲወርድ ተሰማኝ። የወር አበባዬ ሳምንት ያህል ቀድሞ መጣ፤ አመጣጡም እንደ ጎርፍ ነበር። ቀሚሴ ነጭ ነው። መሲ ከኋላዬ አየችው። አንድም ቃል ሳትናገር ነጠላዋን አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝና ሻሿን አስተካክላ ቆመች። እንድትነካኝ አልፈለግኩም፤ እንድትተወኝም አልፈለግኩም።

«ግቢ አንቺ» አልኳት። «እኔ እንደሆነ አልገባም።»

ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ቅዳሴው ይሰማል። ከታች ከተማው በጭጋግ ተሸፍኗል። መሲ በሩን ተሳልማ ስትገባ ከኋላዋ እያየሁ፣ ልጁም ለእሷ፣ መግባቱም ለእሷ፣ እያልኩ አለቀስኩ። እንደዚያ ዕለት ቀንቼ አላውቅም። አጠገቤ ጧፍ የሚሸጡ እናት ነበሩ።

«ምነው ልጄ?»

«መግባት አልቻልኩም እማማ።»

ወገቤ ላይ የታሰረውን ነጠላ አዩና ገባቸው። «ከውጭ ሆነሽ ለምኛት፤ ትሰማሻለች» ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ልለምን ሞከርኩ። አፌ ላይ የመጣው የመሲ ስም ብቻ ነበር፤ በቅናት እንጂ በጸሎት አልነበረም የመጣው።

መሲ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣች። ልነሳ ስል መሬቱ ዞረብኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ከንፈርሽ ነጭ ሆኗል» አለች ተንበርክካ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚፈስሽ?»

«ሁልጊዜ ነው። እየጓጎለ ይወርዳል።»

«ለሐኪሙ ነግረሽዋል?»

አልነገርኩም። የሄድኩበት ሐኪም ሁሉ ስለ ልጅ ነበር የምጠይቀው፤ ስለ ደሙ ጠይቄ አላውቅም። አልትራሳውንድ ከታየሁም ዓመታት አልፈዋል። ደም የሴት ዕጣ ነው ብዬ ዝም ብያለሁ።

«በቃ፣ እንውረድ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያልነገርኩሽ ስላልወደድኩሽ አይደለም። ችግሩ ከባሌ ነበር። አብረን ተመርምረን እሱ ቀላል ኦፕሬሽን ተደረገለት። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ስለ ጽንሱ ብነግርሽ እንዴት እንደመጣ ትጠይቂኛለሽ፤ ላንቺ ደግሞ መዋሸት አልችልም... ዋሸሁሽ እንጂ» አለችኝ።

የባሏ ነገር ቢገባኝም ንዴቴ አልበረደም። ክንዷን ግን ያዝኩ፤ ካልያዝኳት መራመድ አልችልም ነበር።

ቁልቁል

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ መሲ ወደ አንድ ክሊኒክ ይዛኝ ገባች። አልትራሳውንድ ክፍሉ ውስጥ ዶክተሯ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ማዮማ አለሽ» አለችኝ። «ካንሰር አይደለም፤ ዕጢ ነው። ብዙ ሴቶች ላይ አለ፤ ሁሉንም ከመውለድ አይከለክልም። ያንቺ ግን ጽንስ የሚያርፍበት የማሕፀንሽ ክፍተት ውስጥ ገብቷል። ደምሽን የሚያበዛው እሱ ነው፤ ጽንስ እንዳይዝም ሊያደርግ ይችላል።»

«ማሕፀኔ ይወጣል ማለት ነው?»

«አይደለም። ዕጢው ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ ግን ደም ማነስሽን እናስተካክላለን።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «ባለቤትሽ ተመርምሯል?» አለችኝ።

መሲን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

«አልተመረመረም» አልኩ።

መሲ ሰፈሬ ድረስ ሸኘችኝ። ልትሰናበተኝ ስትል፣ «ስትወልጂ ገንፎሽን የማገነፋው እኔ ነኝ» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አቅፋኝ አለቀሰች። ትንሹ ሆዷ ሆዴን ነካኝ፤ አሁንም ነደደኝ፤ ግን አለቀቅኳትም።

ቤት

ባሌ ብሩክ ኳስ እያየ ነበር። ስለ ማዮማው ነገርኩት፤ ደነገጠ። አንተም መመርመር አለብህ ስለው ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ? እኔ ምን ሆንኩ?»

«ምንም ላትሆን ትችላለህ። እንወቀው።»

ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

«እኔም ጋ ቢኖርስ?»

«እስከ ዛሬ ችግሩ እኔ ጋ ነው ተብሎ ተኖረ። ይኸው አለሁ አይደል?»

ዓይኔን ሳያይ፣ «ሰኞ ፈቃድ እጠይቃለሁ» አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ተራራው ላይ የለመንኩት ነገር የለም፤ ቅጥሩን እንኳ አልተሻገርኩም። ስመለስ ያወቅኩት ግን ሁለት ነገር ነው። ዓመታት ሙሉ የሌላ ሴት ሆድ ስመለከት የራሴ አካል የሚነግረኝን አልሰማሁትም። ሌላው ደግሞ፣ ቅናት እንዲለቀኝ ብጠብቅ ኖሮ መሲን አጣት ነበር። ስትወልድ ገንፎውን አገነፋለሁ፤ ልጁንም አቅፋለሁ። ያን ቀንም እቀና ይሆናል። እየቀናሁም እሄዳለሁ።